ከርብራቡ ሥር ያለችው ፊደል

ከባድ ሸክም የሚጣለው በየትኛው ላይ ነው? በማይሰበረው ነው ወይስ ተሰብሮ በሚጠገነው? ይህን ታሪክ የሚጽፈው ሰው መልሱን ገና አላገኘም። ምንተስኖት ግን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ እንዲያቀርብ ታዝዞ ነበር።

ነገሩ የሆነው ሞጆ፣ ከደረቅ ወደቡ ብዙ በማይርቅ የቦሎቄ መጋዘን ውስጥ ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ የሺእመቤት ነጭ ቦሎቄ ከገበሬ ይገዛሉ፣ ያስለቅማሉ፣ በሃምሳ ኪሎ ጆንያ አሳሽገው ወደ ውጭ ይልካሉ። ጆንያው መሬት አይነካም። እርጥበት እንዳይስብ ከሥሩ ሁልጊዜ ከሳንቃ የተመታ መደብ አለ። ቢሮው «ፓሌት» ይለዋል፤ ጫኝና አውራጆቹ «ርብራብ» ይሉታል። ቦሎቄው ይመዘናል፣ ይመረመራል፣ ለገዢ ፎቶው ይላካል። ርብራቡን ፎቶ ያነሣ ሰው የለም። ጭነቱ ሲወርድም ወደ ጥግ ተገፍቶ ሌላ ጭነት እስኪመጣ ይጠብቃል።

ለመጋዘኑ ርብራብ የሚሠሩት ጋሽ ጥላዬ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ በድሮው የባቡር ሐዲድ በኩል ባለች የቆርቆሮ ሱቃቸው ውስጥ ባሕር ዛፍ ይሰነጥቃሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይመታሉ። ሲጨርሱ አንዲት ብረት እሳት ውስጥ አግለው ከላይኛው ሳንቃ በታች በኩል ይተኩሱበታል። ብረቷ አንድ ፊደል ናት፦ ጥ።

የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ቱፋ አንድ ቀን፣ «ጋሽ ጥላዬ፣ ከላይ ቢያደርጓት'ኮ ሰው ያነባት ነበር» አላቸው።

«ከላይ ጆንያ ይጎተትባታል፣ ትፋቃለች። ከሥር ስትሆን ማንም አይነካትም።»

«ማንም አያያትማ!»

«እኔ የት እንዳለች አውቃለሁ።»

ቱፋ የግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ከዓመታት በፊት፣ ከጋሽ ጥላዬ በፊት የነበረ አናጢ የሠራው ርብራብ ተሰብሮ ጆንያ ወድቆበት ነው። ከዚያ ወዲህ ጫኝና አውራጆቹ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። አዲስ ርብራብ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ላይ ሠሪው ራሱ ይቆማል፣ አራት ሰው በአራት ማዕዘን ይዞ እስከ ጉልበቱ ያነሣዋል። ካልተሰነጠቀ ሌላው ሁሉ ይገባል።

«ሆ! ጾም አይደል እንዴ ጋሽ ጥላዬ?» ይላል ከሚያነሡት አንዱ። «ምን በልተው ነው እንዲህ የከበዱት?»

«ሚስማር ነው የበላሁት። ቀስ በል እንዳልወጋህ።»

«ኧረ ይውረዱ፣ ወገቤን!»

«ትንሽ ቆይ። ከዚህ ሆኜ ሳይህ ራስህ ላይ መላጣ ጀምሮሃል።»

መጋዘኑ በሳቅ ይሞላል። በዓመት ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ፣ ለጥቂት ሰከንድ፣ ሁልጊዜ ከሥር የሚውለው ሰው ከላይ ይሆናል። ከዚያ ይወርዱና ሱሪያቸውን አራግፈው ወደ መጋዛቸው ይመለሳሉ።

ምንተስኖት ከአሥራ ሁለት ዓመት የውጭ አገር ትምህርትና ሥራ በኋላ የተመለሰው ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት ነበር። ወይዘሮ የሺእመቤት የጭነት ጉዳይ ኃላፊ አድርገው ቀጠሩት። ሥራውን ያውቃል። ወንበር ላይ ግን አይረጋም፤ ያስባል፣ ይነሣል፣ መስኮቱ ጋ ይሄዳል፣ ወደ ሐዲዱ በኩል እያየ መሆኑ ይታወቀውና ይመለሳል። በሄደበት አገር ሰው የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ስለሆነ፣ ፓስፖርቱ ላይ መጨረሻ የተጻፈው የአያቱ ስም መጠሪያው ሆኖ ቀርቶ ነበር። ለመካከለኛው ስም በየቅጹ ላይ የተተወችው አንዲት ጠባብ ሳጥን ናት። ስሙ እዚያች ውስጥ ገብቶ አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ ሆነ። ተመልሶ ሥራ ሲጀምር የአስተዳደር ሠራተኛዋ ባጁን ልታሠራ፣ «እዚህ'ኮ እንደዚያ አንጽፍም፣ ሙሉውን ላድርገው?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ይበቃል» አላት።

ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ እንግዲህ «ምንተስኖት ጥ. ወንድይራድ» ይላል።

መጋዘኑ በገባ የመጀመሪያ ቀን ጫኝና አውራጆቹ አጨብጭበውለታል። ጋሽ ጥላዬም የእንጨት ብናኝ ከእጃቸው ላይ በሱሪያቸው እየጠረጉ መጥተው ነበር፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። ምንተስኖት ቀኝ እጁን ብቻ ሰጣቸው፣ ለማንኛውም ዕቃ አቅራቢ እንደሚሰጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። ሲያናግራቸው ዓረፍተ ነገሩን ከመሃል ይጀምራል።

ጥናቱ የታዘዘው ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ወይዘሮ የሺእመቤት፣ «ከውጭ ያሉት ገዢዎች ፕላስቲክ ፓሌት ይሻላል ይሉኛል። እኔ አላውቅም። አንተ የተማርከው ይሄንን ነው፣ አጥንተህ ንገረኝ» አሉት። ምንተስኖት ደብተር ይዞ ወደ ቆርቆሮው ሱቅ ሄደ።

ጋሽ ጥላዬ ከንፈራቸው መሃል ሦስት ሚስማር ይዘው ይመቱ ነበር። በግንባራቸው በርጩማ አሳዩት። አልተቀመጠም።

«አንዱ ስንት ዓመት ያገለግላል?»

ሚስማሮቹን አወጡ። «እንዳያያዙ ነው። የሚጎትተው ካለ ሁለት ዓመት። አንሥቶ የሚያስቀምጠው ካገኘ አሥርም ይሄዳል።»

«ሲሰበርስ?»

«የተሰበረችዋን ሳንቃ ትነቅልና ሌላ ትመታለህ። ሌላው አካሉ ደህና ነው።»

ምንተስኖት ጻፈ። «ሚስማሩ ጆንያ ይቀድዳል የሚል ቅሬታ አለ።»

«እውነት ነው፣ ይቀድዳል» አሉ ጋሽ ጥላዬ። «ብቅ ያለች ሚስማር አትጠፋም። አልዋሽህም።»

«ክብደቱስ?»

«ከባድ ነው። እርጥበት ይጠጣል። ከወደብ ለማለፍም በሙቀት ምድጃ ገብቶ ማኅተም ይመታበታል። እንጨት ከአገር ለመውጣት መጀመሪያ መጋገር አለበት።» ፈገግ አሉ። «ያ ያንተው ግን ሳይጠየቅ ይገባል ሳይጠየቅ ይወጣል አሉ።»

«የእኔ አይደለም። እያጠናሁ ነው።»

«እሺ። እያጠናኸው ያለኸው።»

«ፕላስቲኩ አይሰበርም ነው የሚሉት።»

«የማይሰነጠቅ ነገር የለም ልጄ። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ነው። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ማን ይጠግነዋል?»

«አይጠገንም። ይቀልጥና ሌላ ዕቃ ይሆናል።»

ጋሽ ጥላዬ ሚስማሮቹን መልሰው ሊጎርሱ ሲሉ ቆም አሉ። «ቀልጦ ሌላ የሆነውን ታዲያ በምን ትለየዋለህ፣ የእኔ ነበር ብለህ?»

ምንተስኖት ይህን የሚጽፍበት ቦታ ደብተሩ ላይ አጣ።

«ሻይ ላፍላልህ?»

«ስብሰባ አለኝ።»

ስብሰባ አልነበረውም። ቢሮው ገብቶ ሠንጠረዡን ሠራ። በሐቅ ነው የሠራው። እንጨቱ ከባድ ነው፤ ፕላስቲኩ ቀላል ነው። እንጨቱ ላይ ጆንያ አይንሸራተትም፤ ፕላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ሹፌር በኃይል ፍሬን ከያዘ ጆንያው ይሄዳል። ፕላስቲኩ በውኃ ይታጠባል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ እንጨቱ ሁለት አንድ ዓይነት የለውም፣ ግን እዚሁ ተሠርቶ እዚሁ ይጠገናል። ነጥቡ ሲደመር እኩል መጣ። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ረድፍ ጨመረ፦ «ሠሪው ይታወቃል ወይ?» በእንጨቱ ትይዩ «አዎ» ብሎ ጻፈ። በፕላስቲኩ ትይዩ «አይታወቅም» አለ። የትኛው ጥቅም፣ የትኛው ጉዳት እንደሆነ ሊወስን ሲል ፊቱ ሲሞቅ ተሰማው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ረድፉን አጠፋው፣ ከሥሩም «ፕላስቲኩ ይመረጣል» ብሎ ጻፈ።

ለሙከራ አርባ ሰማያዊ ፓሌቶች መጡ። በዚያው ሳምንት ትልቋ ገዢ ድርጅት ካሪን የምትባል ተወካይ ላከች። እሷ አይታ ከተስማማች ወይዘሮ የሺእመቤት ይፈርማሉ፣ የእንጨቱም ሥራ ያበቃል። ይህን መጋዘኑ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ጋሽ ጥላዬም ሰምተዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት የመጨረሻዎቹን የታዘዙ ርብራቦች ሊያስረክቡ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው መጥተው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

ካሪን ጨዋ ሴት ነች። ቦሎቄውን በእጇ ዘግና አየች፣ ሚዛኑን አየች፣ ሰማያዊዎቹን ፓሌቶች በጣቷ ኳ ኳ አደረገች። ከዚያ፣ «እስካሁን የምትጠቀሙበትን ላየው እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች። ምንተስኖት አስተረጎመ። ቱፋ አንድ ርብራብ አንሥቶ በጀርባው ገለበጠላት።

ጎንበስ አለች። ማንም ጎንበስ ብሎ አይቶ የማያውቀውን ነገር አየች። በእሳት የተተኮሰችውን ፊደል በጣቷ ተከትላ ነካቻት። ቀና ስትል ደግሞ ዓይኗ ምንተስኖት ደረት ላይ አረፈ። ባጁን አየች፣ ሳንቃውን አየች፣ እንደገና ባጁን። ፈገግ ብላ መጀመሪያ ወደ እንጨቱ ቀጥሎ ወደ ደረቱ ጠቆመች።

«ይህ ምልክት አንተም ላይ አለ!» አለችው በራሷ ቋንቋ። «ምንድን ነው?»

ጫኝና አውራጆቹ እንግሊዝኛ አያውቁም። ጣቷን ግን አይተዋል፣ ከየት ወዴት እንደሄደች ለማየት ትምህርት አያስፈልግም። ደግሞም እንግሊዝኛ የማያውቅም ሰው የሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት አሉ። ከነሱ አንዷ «ፋዘር» ናት። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያችን ቃል ጠበቀ። በሩ አጠገብ የቆሙት ሰውዬ የሸሚዛቸውን የላይኛ ቁልፍ ቆለፉ።

ምንተስኖት፣ «ፊደል ነው» አላት። «በእኛ ፊደል ውስጥ ያለ ነው። ብዙ ሰው ስም ውስጥ ይገኛል። የአናጢው ምልክት ይመስለኛል።»

ረጅም ነበር የተናገረው። ያች ቃል ግን አልነበረችበትም።

ካሪን ራሷን ነቀነቀች፣ አመነችው። ለምን አታምነውም? ቀጥሎ የተናገረው ቱፋ ነው። ድምፁ የትሕትና ነበር፣ ከልክ ያለፈ ትሕትና።

«አቶ ምንተስኖት፣ እነዚህ ሰማያዊዎቹ'ኮ አዲስ ናቸው። ወጉ አልደረሳቸውም። ሠሪው ይቁምባቸው እንጂ።»

«ሠሪው ሩቅ አገር ነው ያለው ቱፋ። በማሽን ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው ያመጣው ሰው ይቁማ! እኛ እናነሣለን፣ ምን ቸገረን። ሲያዩት ቀላል ሰው ነው።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ምንተስኖት ሳቅ ለመምሰል ሞከረ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ካሪንን አየ፣ ሰዓቱን አየ። አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ጥላዬ ይህን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ተነሥተው መጡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡት።

«እኔ እቆምለታለሁ» አሉ።

«ይሄ'ኮ የእርስዎ ሥራ አይደለም ጋሽ ጥላዬ» አለ ቱፋ።

«ነው» አሉ። ፓሌቱን አላዩትም፤ ያዩት ምንተስኖትን ነበር። «ይሄም የእኔ ሥራ ነው። ያለቀ መስሎኝ ቀድሜ ለቀቅሁት እንጂ።»

አራቱ አነሡአቸው። ያን ቀን «ሆ» ያለ የለም፣ ስለ ጾምም ስለ ሚስማርም የተናገረ የለም። ፕላስቲኩ አልጮኸም፣ አልጎበጠም። ግን ለስላሳ ነው። ካልሲ ያደረገው እግራቸው ተንሸራተተ፣ ወደ ጎን አዘነበሉ። ምንተስኖት እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሲዘረጋ፣ እሳቸው የቱፋን ትከሻ ይዘው ቆመው ነበር።

ካሪን አጨበጨበች። ፎቶም አነሣች። ርብራብ የሚሠራ ሰው በመጋዘኑ ታሪክ ፎቶ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ የቆመውም በሰማያዊ ፕላስቲክ ላይ ነው። «ምን አለ ሰውየው?» ብላ ምንተስኖትን ጠየቀችው።

ጥያቄዋን ከዓይኗ አንብበው መልሱን ያቀበሉት ጋሽ ጥላዬ ናቸው። ጫማቸውን ለማጥለቅ ጎንበስ እንዳሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ጠንካራ ነው ይበሏት ጌታዬ» አሉት። «አይሰበርም ይበሏት።»

ከተወለደ ጀምሮ «አንተ» ሲለው የኖረ አፍ ነው። አሁን ግን «ይበሏት» አለው፣ እንግዳዋ ፊት እንዳያፍር፣ እሱ ያስቀመጣቸው ቦታ ላይ ራሳቸው ሄደው ተቀመጡለት። ምንተስኖት ዞሮ፣ «ጠንካራ ነው ይላል» ብሎ አስተረጎመ። ከዚያ ቀን ትርጉሞች ሁሉ ቃል በቃል ትክክል የሆነችው ያች ብቻ ናት።

ወይዘሮ የሺእመቤት ፈረሙ። ደግሞም ምርጫው ተሳስቷል ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ክረምቱ መጣ፣ ጆንያ አልረጠበም። ከወደብ የተመለሰ ጭነት አልነበረም። ስብሰባ ላይ ምንተስኖት ተመሰገነ። ሲመሰገን ወደ ታች፣ ወደ ባጁ ያይ ነበር፤ ሰዎቹ ትሑት ነው አሉ።

ጋሽ ጥላዬ ከዚያ ወዲህ ወደ መጋዘኑ አልመጡም። የሚያስመጣ ሥራም አልነበረም።

በጥቅምት አንድ ቀን ጭነት አንሺው ፎርክሊፍት ሲገባ ሹፌሩ ቸኩሎ የብረት ሹካውን አንዱ ሰማያዊ ፓሌት መሃል ሰካው። ፓሌቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። ቱፋ ቁራጩን አንሥቶ አየው፣ ስንጥቁን ገጠመው፣ ለቀቀው፣ ተመልሶ ተከፈተ።

«አቶ ምንተስኖት፣ ይሄን ምን እናድርገው?»

«ወደ ጓሮ ይውጣ።»

«ይወጣል። ግን እንዲያው ጋሽ ጥላዬ ቢያዩት?»

«ምን ያደርጉለታል? እንጨት አይደለም።»

«አውቃለሁ እንጨት እንዳልሆነ» አለ ቱፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «ሰውዬው ግን ማየት ያውቁበታል።»

ምንተስኖት የምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሐዲዱ በኩል ሄደ። ቁራጩን በብብቱ ይዞ ነበር፣ ለምን እንደያዘው ቢጠየቅ መልስ የለውም። የቆርቆሮው ሱቅ ተዘግቷል። ጎረቤት ቆሎ የሚሸጡት ወይዘሮ ደብሪቱ ገና ሲያዩት አወቁት፣ ግን ሰላምታ አላስቀደሙም።

«ወደ ምንጃር ሄደዋል፣ እህታቸው ዘንድ። ሁለት ወር አለፋቸው። አልነገሩህም?»

«ዕቃቸውስ?»

«መጋዙም መላጊያውም እዚሁ ነው። ‹ማንም ይጠቀምበት› ነው ያሉት። ያችን የፊደል ብረት ብቻ ይዘው ሄዱ።» ወይዘሮ ደብሪቱ ቆሎውን በሰፌድ አንሥተው አበጠር አበጠር አደረጉ። «ምን ያደርጉላታል? ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ‹የምትታተምበት ጠፋ፣ እኔው ልያዛት› አሉኝ።»

በተቆለፈው በር ሽንቁር አየ። በርጩማው ያኔ ያሳዩት ቦታ ላይ ነው። አጠገቡ አንድ ያላለቀ ርብራብ አለ፣ አንድ ሳንቃ የጎደለው። እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፣ ስብሰባ አለኝ ሳይል፣ ሰዓቱንም ሳያይ። የተሰነጠቀውን ቁራጭ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስልኩን አወጣ።

ለጋሽ ጥላዬ በስልክ ትእዛዝ መላክ ቀላል ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው ያነባሉ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጥ»። ደርሶኛል፣ እሠራዋለሁ፣ አለሁ፣ ሁሉም እሷ ውስጥ አለ። ምንተስኖት የድሮዎቹን ትእዛዞች ወደ ላይ እያሳለፈ አያቸው። «ሠላሳ ፓሌት፣ እስከ ዓርብ።» ጥ። «ሃያ አምስት፣ በአስቸኳይ።» ጥ። «ነገ እንግዳ አለ፣ ርክክቡ በጠዋት ይሁን።» ጥ። ከራሱ ወገን በተላኩት ውስጥ መጠሪያ ያለበት አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ከመሃል የተጀመሩ ናቸው።

ጻፈ፣ አጠፋ። ረጅም ጻፈ፣ አጠፋ። በመጨረሻ ይህችን ብቻ አስቀረ፦

«አባዬ፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ይዤ ብመጣ ታየዋለህ?»

ላከው። ስልኩ «ደርሷል» አለው። ያን ቀን ጠበቀ፣ ሳምንቱን ጠበቀ፣ ቦሎቄው ተጭኖ እስኪያልቅ ጠበቀ። የጠበቀው ብዙ ነገር አልነበረም፤ አንዲት ፊደል ትበቃው ነበር።